ቅድመ አያቴ የተወለዱበትን ቦታ እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦ «ቅድመ አያቴ፣ ማለትም የአባቴ አያት፣ ከራስ ዳርጌ ጋር ወደ አርሲ ዘምተው እዚያው ጭላሎ ውስጥ ቀሩ ይባላል። በ1928ቱ ጦርነት ደግሞ ማይጨው ዘምተዋል። ልጃቸው፣ አያቴ፣ የተወለደው በ1912 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ ቦታቸውን አንዱ ዘመድ መንዝ፣ ሌላው መራቤቴ፣ ሦስተኛው ሰላሌ ይለኛል። የልደት መዝገባቸውን ከየት ላገኝ እችላለሁ? እሱ ካልሆነስ የዲኤንኤ ምርመራ ባደርግ ቦታውን ይነግረኛል?»

ምላሽ፦ የልደት መዝገባቸውን አይፈልጉ፤ የለም። የጠፋ ወይም የተቃጠለ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) ብዙ አንቀጾች ቢኖሩትም፣ ያው ሕግ በቁጥር 3361 ተፈጻሚነታቸውን ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ አቆይቶታል። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤቶች የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ የነበረው ለጠየቀ ሰው፣ ባለጉዳዩ በሰጠው ቃልና ባቀረበው ምስክር ላይ ተመሥርተው ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ ወይም በ1970ዎቹ የወጣ የአያትዎ የልደት ካርድ ቢገኝ እንኳ፣ ያን ዕለት ጽሕፈት ቤት የቀረበው ሰው ምን እንዳለ ያሳያል እንጂ በተወለዱ ጊዜ የተመዘገበ ማስረጃ አይደለም። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ሕዝብ ቆጠራዎችም በስም የሚፈለግባቸው ሰነዶች አይደሉም። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ በዚያ ዘመን በየአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ አትይዝም ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮኖች ግን ይይዙ ስለነበር፣ በሚሲዮን የተጠመቀ ዘመድ ካለ ያን ለብቻው መከታተል ነው።

«የት ተወለዱ?» ከማለትዎ በፊት «የማንን ልደት ነው የምፈልገው?» የሚለውን ይመልሱ። የሰጡኝ ሦስት ፍንጮች በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ በቀላሉ አይገጥሙም። የዳግማዊ ምኒልክ አጎት የራስ ዳርጌ የአርሲ ዘመቻ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደ ነው። በመጨረሻው ዘመቻ የ18 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ ብንል እንኳ ልደታቸው ከ1860 አይዘልም። በ1912 ልጅ ሲወልዱ 52፣ ማይጨው ሲዘምቱ 68 ዓመት ሆኗቸዋል ማለት ነው። ሽማግሌ አልዘመተም አይባልም፤ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ሁለት ሰዎች በቤተሰብ ትረካ ውስጥ አንድ ሆነው መገኘታቸው ነው። አባት ከራስ ዳርጌ ጋር መጣ፤ ልጅ ማይጨው ዘመተ፤ ከሦስት ትውልድ በኋላ ሁለቱም «አባባ እገሌ» ሆኑ። እንዲህ ከሆነ የሚፈልጓቸው ቅድመ አያት ምናልባት እዚያው አርሲ ተወልደዋል፤ ከሸዋ የመጡት አባታቸው ናቸው። ሌላም አማራጭ አለ። «ከራስ ዳርጌ ጋር መጡ» የሚለው አባባል ቀደም ብሎ ለሰፈረ ሰው ሁሉ የሚሰጥ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በክፉ ቀን፣ ከ1881 እስከ 1884 በነበረው ረሃብ፣ ወደ ደቡብ ከወረዱት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ራስ ዳርጌ በ1892 ካረፉ በኋላ ከሌላ ሹም ጋር የመጣም ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚለይ አንድ ጥያቄ አለ፦ የቅድመ አያትዎ አባት የተቀበሩት የት ነው? መቃብራቸው ጭላሎ ውስጥ ካለ ፍለጋው አንድ ትውልድ ወደ ላይ ተዛወረ። ማንም የማያውቀው ከሆነ ወይም «አገር ቤት ቀሩ» ከተባለ፣ መጤው ራሳቸው ቅድመ አያትዎ የመሆናቸው ነገር ይጠነክራል። ዕድሜያቸውንም በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በድርጊት ይጠይቁ፦ የዐድዋ ጊዜ (1888) ምን ያህል ነበሩ? በሰገሌ ጦርነት (1909) አግብተው ነበር? በኅዳር በሽታ (1911) ማን ሞተባቸው? «በዘመነ ማርቆስ ተወለዱ» የሚል ትዝታ ካለ አይናቁት። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ለዘመነ ማርቆስ 1858፣ 1862፣ 1866፣ 1870 እያሉ ግምቱን በአራት ዓመት ልዩነት ማጥበብ ይቻላል።

ወደ ሦስቱ ስሞች ልምጣ። መንዝ፣ መራቤቴና ሰላሌ የሚሉት ዘመዶችዎ የግድ አንዳቸው አልተሳሳቱም። ራስ ዳርጌ መቀመጫቸው ሰላሌ፣ ፍቼ ነበር። መራቤቴ ተወልዶ፣ ፍቼ ወርዶ ለራስ ዳርጌ ያደረ፣ መንዜ ያገባ ወታደር ለሦስት ዘመዶች ሦስት አገር ይተዋል። ዘማች «የመጣሁት ከሰላሌ ነው» ሲል የመጨረሻ ማረፊያውን ተናገረ እንጂ እትብቱ የተቀበረበትን አልተናገረም። በሌላ በኩል «መንዝ» የሚለው ስም ክብር ስላለው፣ ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሁሉ በልጆቹ አፍ መንዜ ሲሆን ይታያል፤ ስለዚህ ለመንዝ ከሌሎቹ ይልቅ ጠንከር ያለ ማስረጃ እጠይቃለሁ። መንዝ ራሱ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ ሦስት ቦታ የተከፈለ አገር ስለሆነ፣ «መንዝ» ብቻ የሚል ሰው ቦታውን አያውቀውም ብለው ይገምቱ።

አሁን ያለው አጠራርም ያሳስታል። «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ አንዱ በኦሮሚያ። መንዝና መራቤቴ በመጀመሪያው፣ ፍቼና ሰላሌ በሁለተኛው ይገኛሉ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን ሦስቱም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበሩ አውራጃዎች ናቸው፦ መንዝና ግሼ፣ መራቤቴ፣ ሰላሌ። ይህ የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃና የወረዳ አደረጃጀት የተዘረጋው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ቅድመ አያትዎ ሲወለዱ አልነበረም። በየሰነዱ የሚያገኙትን የቦታ ስም ሰነዱ በተጻፈበት ዘመን ካርታ ያንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ዛሬው ወረዳና ቀበሌ ያዛውሩት። የመጨረሻው ግብዎ ወረዳ ሳይሆን አጥቢያ ነው። በዚያ ዘመን የሰው አድራሻ ታቦቱ ነው፤ «የእገሌ አገር ሚካኤል» የሚል መልስ ላይ ሲደርሱ ደርሰዋል።

የስም ጉዳይ ብዙ ፈላጊ የሚወድቅበት ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሦስተኛውን ስም ይዞ መዝገብ ማሰስ ዋጋ የለውም፤ በየትውልዱ ይለወጣል። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የፈረስ ስም አለው። ጎረቤት «አባ እገሌ» ብሎ የሚያስታውሰው ሰው በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ላይ ወልደ ሚካኤል ወይም ኃይለ ማርያም ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የክርስትና ስማቸውን ለማወቅ ተስካር ላይ በምን ስም እንደተጸለየላቸው ይጠይቁ። በጽሑፍ ሲፈልጉ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ የተቀያየሩባቸውን አጻጻፎች ሁሉ ይሞክሩ። ኃይሉ «ሀይሉ» ተብሎ ከተመዘገበ የኮምፒውተር ካታሎግ አያገናኝልዎትም።

«አባት» ተብሎ የሚቆጠረው ሰውም ሁልጊዜ ወላጅ አይደለም። የክርስትና አባት፣ የጡት አባት፣ ጉዲፈቻ የወሰደ ሰው፣ ያሳደገ አጎት፣ ሁሉም በዘር ቆጠራ ውስጥ እንደ ወላጅ ገብተው ይገኛሉ። የጌታው ስም የአባት ስም የሆነለትም አለ። በዘመቻ የተማረከ ወይም በባርነት የተሸጠ ሕፃን በአዲስ ስም፣ በአዲስ ሃይማኖትና በሰው ቤት ያድግና ልጆቹ የጌታውን አገር አገራቸው አድርገው ይናገራሉ። ቤተሰብ ይህን አይነግርዎትም፤ ነገር ግን የዘር ቆጠራው ከእርሱ አልፎ ወደ ላይ የማይሄድ፣ አገር ቤት አንድም ዘመድ የማይጠራለት፣ ስለ ልጅነቱ ሽማግሌዎቹ ወሬ የሚያስቀይሱበት ሰው ካጋጠመዎት ይህንን በልብዎ ይያዙት። በሰው ፊት ግን አይጠይቁት።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው፦ ቅድመ አያትዎን ትተው ከእርሳቸው ጋር የነበሩትን ሰዎች ይከተሉ። ወታደር ብቻውን አይሰፍርም። ከአለቃው፣ ከአገሩ ልጅና ከአማቹ ጋር ጎን ለጎን መሬት ይመራል። የእርስዎ ቤተሰብ የረሳውን የጎረቤት ቤተሰብ ያስታውሰው ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያዘጋጁት የቅድመ አያትዎን ታሪክ ሳይሆን የ10 ወይም የ15 ሰዎች ዝርዝር ነው፦ አብረው የሰፈሩ፣ መሬታቸው የሚዋሰን፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሡ፣ የዳሯቸው፣ ለሚስታቸው ሽማግሌ ሆነው የሄዱ። ከእነዚህ ውስጥ የአራቱ ወይም የአምስቱ ዘሮች «አባቶቻችን ከመራቤቴ፣ ከዚህ አጥቢያ» ካሉ፣ ከዘመድዎ «ይመስለኛል» ይልቅ የሚታመን ነገር ያዙ።

አረጋውያንን ለየብቻ ያነጋግሩ። ሦስቱን አንድ ላይ ካስቀመጧቸው ታላቁ ይናገራል፣ ሁለቱ ይነቀንቃሉ፤ ሦስት ምስክር ያገኙ ይመስልዎታል እንጂ አንድ ነው። «ከመራቤቴ ነው አይደል?» አይበሉ፤ መልሱን እርስዎ ሰጧቸው ማለት ነው። «የት ተወለዱ?» የሚለውም ደካማ ጥያቄ ነው። የሚሠሩት ጥያቄዎች ሰው የዓይን ምስክር ሆኖ ወይም ከዓይን ምስክር ሰምቶ የሚመልሳቸው ናቸው። ሲሞቱ መርዶ ወዴት ተላከ? ለተስካራቸው ከሩቅ የመጣ ማን ነበር? ስንት ቀን መንገድ ተጉዞ? በሕይወት ሳሉ አገር ቤት ሄደው ያውቃሉ? የትኛውን ወንዝ ነው «በክረምት አያሻግርም» እያሉ የሚያወሩት? መራቤቴንና ሰላሌን የሚለያቸው የጀማ ሸለቆ ስለሆነ፣ የጀማ ስም መነሣቱ ራሱ አንድ ነገር ነው። ማኅበር ይጠጡ ከነበር በማን ስም ነበር? ይህን የመጨረሻውን ግን በጥንቃቄ ይያዙት፤ የሚካኤልና የማርያም ማኅበር በየቦታው ስላለ ብቻውን አገር አይጠቁምም። ሚስታቸውን አይርሱ። የሴቲቱ አገር ብዙ ጊዜ በልጅ ልጆቿ ዘንድ በተሻለ ይታወቃል፤ ዘማቹ ሚስቱን ከአገሩ ይዞ ከመጣ ደግሞ የእርሷ አጥቢያ ከእርሱ አጥቢያ ሩቅ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ወረቀት። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት የቤተሰቡ ሣጥን ነው። የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ክርክር ውሳኔ፣ የኑዛዜ ወረቀት ይፈልጉ። ስመ ሀብቱ ስላልተዛወረ በሟች ስም ለዓመታት ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ የተለመደ ነው፤ በእርሱ ላይ ሙሉ ስምና ማዕረግ ይገኛል። ለወታደር በማደሪያ የተሰጠ መሬት በጋሻ ይቆጠር ስለነበር፣ አንድ ጋሻ ደግሞ ወደ 40 ሄክታር ስለሚገመት፣ «ሁለት ጋሻ የነበራቸው» የሚል ትዝታ ስለ ማዕረጋቸው ይናገራል። ከቀላድ (የመሬት ልኬት) እና ከግብር መዝገቦች የሚጠብቁት ግን ስም፣ ማዕረግና ልክ ነው፤ የትውልድ ቦታ አይጠብቁ። የሚጠቅሙዎት ጎረቤቶቹ እነማን እንደነበሩ ስለሚያሳዩ ነው።

የልጆቻቸው ሰነድ ከእርሳቸው ይልቅ ይናገራል። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ልጅ ካለ፣ የግል ማኅደሩ ውስጥ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ የሚጠይቅ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሊኖር ይችላል። የታላቁን ልጅ ይምረጡ። ቤተሰቡ ከመምጣቱ በፊት የተወለደ ልጅ ካለ የእርሱ የትውልድ ቦታ የአባቱን አገር ይጠቁማል። የአያትዎ ቅጽ ግን «ጭላሎ» ይላል፤ ለዚህ ጥያቄ አይረዳዎትም። ማይጨው የዘመተው ሰው ኋላ በአርበኝነት ከቀጠለ የአርበኞች ማኅበር የአባልነት ሰነድ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚጠቅሙት ቦታና ዘመን ለይተው ሲሄዱ ነው። «የቅድመ አያቴን ፋይል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «በጭላሎ የሰፈሩ ወታደሮችን የሚመለከት ደብዳቤ» የሚለው አንድ ነገር ያገኝ ይሆናል። የድጋፍ ደብዳቤ ያዘጋጁ፤ ያለሱ ብዙ ጊዜ አያስተናግዱም። የትውልድ አጥቢያውን ከጠረጠሩ በኋላ የደብሩን መጻሕፍት ማየት ይመጣል። በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ማስታወሻ ይጻፋል፤ ያጻፈው ሰውና ቤተሰቡም በክርስትና ስማቸው በጸሎቱ ውስጥ ይገባሉ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹን አሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየም በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ግን ቤተ ክርስቲያኑን ሳያውቁ እዚያ አይግቡ፤ ወራት ይበላዎታል።

አገር ቤት ላይ ትልቁ ማስረጃ ርስት ነው። በሸዋ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር፣ የሄደ ሰው ድርሻ ተረስቶ አይቀርም ነበር፤ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ይይዘዋል፣ ሌላው ይከራከረዋል። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን እስኪያስቀር ድረስ በየፍርድ ቤቱ ዘር ሲቆጠር ኖሯል። «ወንድማቸው አርሲ ወርዶ ቀረ» የሚል አንድ መስመር የሚገኘው በእንዲህ ያለ የክርክር መዝገብ ወይም የክርክሩን ቆጠራ በቃል በያዘ ሽማግሌ ዘንድ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ከሶማሌ ወይም ከኦሮሞ ጎሣ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ቢሆን ኖሮ መነሻው ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚያ በአባት መስመር ብዙ ትውልድ በቃል ይያዛል።

ግን ሲሄዱ ይጠንቀቁ። ከሩቅ መጥቶ «የአያቶቼ መሬት የት ነበር?» የሚልን ሰው ገበሬው የሚያየው መሬት ሊጠይቅ እንደመጣ አድርጎ ነው። ወዲያው ሁሉም ምንም አያውቅም ይሆናል። ከአጥቢያው ካህን ወይም ከሚታወቅ ሽማግሌ ጋር ይሂዱ፤ ዘመድ ፍለጋ እንጂ መሬት እንደማይፈልጉ በመጀመሪያው ደቂቃ ይናገሩ፤ ስለ ሰው ይጠይቁ፣ ስለ ድንበር አይጠይቁ። ተቃራኒው አደጋም አለ፤ እንግዳን ላለማሳዘን «አዎ፣ የእኛ ናቸው» የሚልዎት ይኖራል። ስለዚህ የሚያውቁትን ሁሉ አይዘርግፉ። የወንድማቸውን ወይም የእናታቸውን ስም በልብዎ ያስቀሩ። ሳይነገረው ያን ስም የጠራ ሰው ብቻ ምስክር ነው።

ዲኤንኤ፦ በዘር ድርሻ መቶኛ የሚሰጡት ምርመራዎች መራቤቴን ከመንዝ አይለዩም። የማነጻጸሪያ ናሙናቸው ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ የእነዚህ ጎረቤት አገሮች ሕዝብም ለዘመናት ሲጋባ ኖሯል። ከአንድ ቅድመ አያት የሚወርሱት በአማካይ 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ምርመራው የሚረዳው ሰውን ከሰው ሲያነጻጽር ነው። የቅድመ አያትዎ የልጅ ልጅ፣ ለምሳሌ አባትዎ፣ ከቅድመ አያትዎ ወንድም የልጅ ልጅ ጋር ዝምድናቸው እውነት ከሆነ በምርመራው ሳይታይ አይቀርም። አንድ ትውልድ ወርደው እርስዎና የዚያ ሰው ልጅ ብትመረመሩ ከአሥሩ አንዱ ጥንድ ዘመድ ሆኖ ሳለ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የሚመረመሩት በሕይወት ያሉት አንጋፋዎቹ ይሁኑ። ሁለቱም በቀጥተኛ የአባት መስመር የሚወርዱ ወንዶች ከሆኑ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ንጽጽር ይጨመር፤ ካልገጠመ የወንድማማችነቱን ታሪክ ሊያፈርሰው ይችላል። ውጤቱ ከወላጅ አባት ውጭ የሆነ ነገር ሊያወጣም ስለሚችል፣ የሚመረመሩት ሰዎች ይህን አውቀው ይስማሙ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ገንዘብዎን ለምርመራም ለረጅም ጉዞም አሁን አያውጡ። መጀመሪያ የቅድመ አያትዎን አባት መቃብር ጥያቄ ይመልሱ፤ ቀጥሎ ጭላሎ ውስጥ አብረው የሰፈሩትን ሰዎች ዝርዝር ይጨርሱ፤ አንጋፋዎቹ ካሉ ይህን ወር ሳይውል ሳያድር ይቅረጹ፤ ወረቀቱ ይቆይልዎታል፣ እነሱ አይቆዩም። ከሦስቱ ስሞች መራቤቴን አስቀድሜ እፈትነው ነበር፤ ሰላሌ የአለቃው መቀመጫ በመሆኑ፣ መንዝ ደግሞ በክብሩ ምክንያት ሊነሡ የሚችሉ ስሞች ሲሆኑ፣ መራቤቴን ማንም ያለ ምክንያት አይጠራውም። ይህ ግምት ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ከአንድ አፍ ያልወጡ ሁለት ምንጮች፣ ለምሳሌ የጎረቤት ቤተሰብ ቃልና የአገር ቤት የርስት ቆጠራ፣ አንድ አጥቢያ ላይ ሲገናኙ ነው። ካልተገናኙ በቤተሰብ ዛፉ ላይ «መራቤቴ፣ ያልተረጋገጠ» ብለው ይጻፉና ማን እንደነገረዎት፣ መቼ እንደነገረዎት ከሥሩ ያስፍሩ።